ካፒታኖው ያልገለጠው ገጽ

መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ጣሊያንኛ የተማሩት አስበውበት አይደለም። በወጣትነታቸው ኢየሩሳሌምን ልሳለም ብለው ከዳሞት በእግራቸው ተነሥተው ምጽዋ ሲደርሱ መርከቡ ሄዷል። ሌላ እስኪመጣ ልቆይ ብለው አስመራ ወጡና አንድ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሆኑ። ሌላው መርከብ መጣ፤ ሄደም። እሳቸው ከእርሳስ ፊደል ላይ እንዳቀረቀሩ ሰባት ዓመት አለፈ። ቡሬ ሲመለሱ የያዙት በቀለም የጠቆሩ ጣቶችና ማንም የማይፈልገው ቋንቋ ነበር። ሰው “እስከ የት ደረሱ?” ብሎ ሲጠይቃቸው “እስከ መንገድ” ይሉ ነበር።

ከዚያም ጣሊያን መጣና ያ ማንም የማይፈልገው ቋንቋ ተፈላጊ ሆነ።

በ፲፱፻፴፩ ዓመተ ምሕረት፣ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ የቡሬ ምሽግ አዛዥ ካፒታኖ ሎቬራ አስጠራቸው። መሪጌታ ያን ጊዜ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከደብሩ አጠገብ ቅኔ ያስተምራሉ። ሲገቡ ካፒታኖው ከአንድ የተከፈተ ሣጥን ኋላ ተቀምጧል።

“ከጎንደር ትእዛዝ መጥቷል” አለ። “እያንዳንዱ ምሽግ ላገሬው ልጆች ትምህርት ቤት ይክፈት ተብሏል። አስተማሪው አንተ ነህ።”

“እኔ የቅኔ መምህር ነኝ። ሕፃን ይዤ አላውቅም።”

“መጽሐፍ አለህ። አርባ ነው።”

ካፒታኖው ከሣጥኑ አንዱን አውጥቶ ገለጠው። ለልጆች የተዘጋጀ የሳይንስ መጽሐፍ ነው፤ በየገጹ ባለቀለም ሥዕል አለበት። የታተመው ከሃያ ዓመት በፊት ነበር። ጣሊያን አገር ገዥ አጥቶ መጋዘን ሲበላው ኖሮ፣ “ለቅኝ ግዛቱ መጽሐፍ ይላክ” ሲባል አቧራው ተራግፎ መርከብ ላይ ተጫነ። ካፒታኖው ገጽ አሥራ አንድ ላይ ሲደርስ አቆመ። በገጹ ላይ አምስት ፍጡራን ተሰልፈው ይሄዳሉ። የመጀመሪያው በአራት እግሩ ነው፤ ሁለተኛው ጎብጧል፤ እየቀና እየቀና ሄዶ የመጨረሻው ቀጥ ብሎ የቆመ ነጭ ሰው ሆኗል።

“የምታስተምረው ይህን ነው። ይህ ዝንጀሮ።” ጣቱን ወደ መካከል ወሰደ። “ይህ እናንተ። ይህ ደግሞ” አለና መጨረሻው ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝግ አደረገ፣ “እኛ። ልጆቹ ይህን ከተረዱ የቀረውን ሁሉ ይረዱታል።”

“የቀረው ገጽስ ምን ይላል?”

“ሥዕል ነው” አለ ካፒታኖው። ቀጥሎም በዚያው ድምፅ “የሚስትህ ወንድም የት ነው ያለው?” ሲል ጠየቀ።

የሚስታቸው ወንድም በወምበርማ ጫካ ካርበኞች ጋር ነው። ይህን ቡሬ ውስጥ የማያውቅ የለም።

“አላውቅም” አሉ መሪጌታ።

“እኔም ሳላውቅ እንድቆይ ከፈለግህ ሰኞ ትጀምራለህ።”

ከዚያ ማኅተሙን አወጣና በአርባውም መጽሐፍ የመጀመሪያ ቅጠል ላይ “መርምሬ ፈቅጃለሁ” የሚለውን መታበት። አርባ ጊዜ መታ፤ አንዱንም ዳግመኛ አልገለጠም።

መሪጌታ አንዱን ቅጂ በነጠላቸው ጠቅልለው ወደ ቤታቸው ወሰዱት። የዳዊት መድገሚያቸውን ሰዓት ለክፉ መጽሐፍ መስጠት አልወደዱም፤ ግን የሚያስተምሩትን ሳያውቁ ማስተማርም ያገር ነውር ነው። ሐሙስ ጀመሩት። ዓርብ ምሳቸውን ረሱ። ቅዳሜ የባለቤታቸውን የሀብትነሽን ጥሪ ሁለት ጊዜ ሳይሰሙ ቀሩ።

መጽሐፉ እንደ ካፒታኖው አልነበረም። ተራራ ላይ ስለሚገኝ የባሕር ቀንድ አውጣ ይናገራል። መሪጌታ በተማሪነታቸው ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ገደሉ ውስጥ ድንጋይ የሆነ ቀንድ አውጣ አይተው ነበር፤ አብሯቸው የነበረው ተማሪ “የጥፋት ውኃ ትቶት ነው” ብሏቸው አለፉ። አሁን ያ ድንጋይ ከነጠመዝማዛው በሥዕል ተቀምጦ አገኙት። የሌሊት ወፍ ክንፍ፣ የሰው እጅና የዓሣ አንበሪ መቅዘፊያ ጎን ለጎን ተሥለዋል፤ አጥንቱ በሦስቱም ላይ አንድ ነው፣ እንደ አንድ ግስ በሦስት እርባታ። ይህን ሲያዩ መጽሐፉን ዘግተው ወደ ደጅ ወጡ፤ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሩት።

ሀብትነሽ ደጅ ላይ የዘር ገብስ ትመርጣለች። “ምን ነካዎ አንቱ?” አለቻቸው።

“የሚያስፈራ ነገር አነበብኩ። ፍጡር ሁሉ ቀስ በቀስ እየተለወጠ የመጣ ነው ይላል። ዓለም ራሷ የበረታውን ትመርጣለች፣ የቀረው ይቀራል ይላል።”

ሀብትነሽ ደህናውን ዛላ ወደ ቀኝ፣ ቀጭኑን ወደ ግራ እየጣለች ሰማቻቸው። “ታዲያ ይህ ምኑ ያስፈራል? እናቴ ስታገባ ይዛ የመጣችው ገብስና ይሄ አንድ ነው? ያኔ ፍሬው የወፍ ምላስ ያህል ነበር። እየመረጥን አይደለም እንዲህ ያደረግነው?”

“እናንተ መረጣችሁ። እዚያ የመረጠው ማነው?”

“እሱን አንቱ ነዎት የሚያውቁት። መሪጌታ እኮ ነዎት።”

መሪጌታ ሳቁና ተመልሰው ገቡ። ያን ዕለት ማታ ሲጸልዩ ከሁሉ የከበዳቸውን ነገር ሰም ነው አሉት፤ ወርቁ ሌላ ቦታ ይኖራል ብለው ተጽናኑ። ቅኔ ያወቀ ሰው ሁለት ነገር ባንድ ቃል መያዝ አይቸግረውም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ግን ገጽ ስድሳ አራትን አገኙ፤ እሱን ደጋግመው አነበቡት። ካፒታኖው ገጽ አሥራ አንድ ላይ እንደቆመ የተረዱት ያኔ ነው።

ሰኞ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። ያገሩ ሹማምንት ከየቤታቸው አንድ አንድ ልጅ እንዲልኩ ታዘው ነበርና ላኩ። ወንዶቹን ጣሊያን ወታደር ያደርግብናል ብለው ስለፈሩ ሴቶቹን ላኩ። ከሃያ ሦስቱ ልጆች አሥራ ዘጠኙ ሴቶች ሆኑ። ካፒታኖው “በዚህ አገር ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴት ልጆች ከትምህርት ገበታ ቀረቡ” ሲል ለጎንደር ጻፈ፤ የምስጋና ደብዳቤም መጣለት።

ከነዚህ አንዷ ባንቺአየሁ ናት። አባቷ ግራዝማች ዘሩ ለጣሊያን የገቡ ባላባት ናቸው፤ ሦስት ወንዶች ልጆችና አንዲት ሴት አሏቸው፤ አንዲቷን ላኳት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ዝንጀሮ የባላባት ማሳ ብሎ አይፈራምና ክረምቱን ሙሉ ማማ ላይ ወጥታ በቆሎ ስትጠብቅ ነው የቆየችው።

ልጆቹ በባዶ የጥይት ሣጥን ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ካፒታኖው እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቅልሎ በሩን ተደግፎ ቆመ። መሪጌታ ገጽ አሥራ አንድን አስገለጡ። ልጆቹ ሥዕሉን ተመለከቱ።

“ይሄ ዝንጀሮ አይደለም” አለች ባንቺአየሁ።

“ምነዋ?”

“ጭራ የለውም። መቀመጫውም አልተላጠም። ደግሞ ዝንጀሮ ለብቻው አይሄድም፤ አውራው ይቀድማል፣ ሴቶቹ ልጅ አዝለው ይከተላሉ። ይህን የሣለው ሰው በቆሎ ጠብቆ አያውቅም።”

“ምን አለች?” አለ ካፒታኖው።

“እንስሳውን በቅርብ አውቀዋለሁ ነው የምትለው።”

“እንዴት አታውቀው” አለ ካፒታኖው ደስ ብሎት።

ባንቺአየሁ አሁንም ሥዕሉ ላይ ነች። ጣቷን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስኬደችው። “መሪጌታ፣ ፊተኛው ጸጉራም ነው። ቀጥሎ ያለው ትንሽ ሳሳለት። ኋለኛው ከነጭራሹ የለውም። ሰው ወደፊት በሄደ ቁጥር ጸጉሩ ይረግፋል ማለት ነው?”

“በሥዕሉ መሠረት፣ አዎ።”

ልጅቱ የራሷን ክንድ አየች፤ ልሙጥ ነው። የጓደኛዋን አየች፤ እሱም ልሙጥ ነው። ከዚያ ዞር አለች። አንድ ባንድ ሃያ ሦስቱም ልጆች ዞረው በሩ ላይ የቆመውን የካፒታኖውን ክንድ ተመለከቱ። ክንዱ እንደ በግ ለምድ ነው። ማንም አልሳቀም። ነገሩን በጥሞና ነው የሚመረምሩት።

“ምንድን ነው የሚያዩት?” አለ ካፒታኖው።

“እርስዎ ከሥዕሉ ላይ የት እንዳሉ እየፈለጉ ነው” አሉ መሪጌታ።

“ጥሩ” አለና ደኅና አድርገው እንዲያዩት ቀጥ ብሎ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ካፒታኖው ሁለት ቀን መጣ፤ በሦስተኛው ሰለቸው። መሪጌታም ወደ ቀሪው ገጽ አለፉ። ልጆቹን ይዘው ፈጠም ወንዝ ወረዱ፤ ውኃው የቆረጠውን ገደል አሳይተው “የትኛው አፈር ቀድሞ የተኛ ይመስላችኋል?” አሉ። ሀብትነሽ የስድስት ዓይነት ገብስ ዛላ ሰጠቻቸውና የማን አያት የማን እንደሆነ ልጆቹ ተከራከሩ። ዶሮ የታረደ ቀን እግሩን ይዘው መጥተው ቅርፊቱን ከእባብ ቅርፊት ጋር አስተያዩት። መሪጌታ የሚያውቁት የማስተማሪያ ዘዴ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ በቃል ማስያዝ። ስለዚህ መጽሐፉን ገጽ በገጽ፣ ትርጉሙን እየነገሩ፣ በጣሊያንኛው በዜማ አስያዟቸው። ከምሽጉ አጥር ውጭ የሚያልፍ ሰው ሃያ ሦስት ሕፃናት ስለ ቀንድ አውጣ በውዳሴ ዜማ ሲያዜሙ ይሰማ ነበር። መሪጌታ በሕይወታቸው እንደዚያ ዓመት በማስተማር ተደስተው አያውቁም፤ ይህ ራሱ አልፎ አልፎ ያስፈራቸው ነበር።

ወሬው ግን ወጣ። እንደ ወጣም አልቀረ፤ ገበያ ውሎ ሲመለስ “መሪጌታ ሰው የዝንጀሮ ልጅ ነው ብለው ያስተምራሉ” ሆነ። የደብሩ አለቃ፣ አለቃ ሃይለ ሚካኤል፣ መሪጌታን ከደጀ ሰላሙ አስጠሯቸው። አለቃ በቅሎ የሚወዱ፣ ክርክር ግን ከበቅሎም አብልጠው የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው። ሰዉ ተሰብስቦ ነበር።

“መሪጌታ፣ ሰው ከዝንጀሮ መጣ ብለው ያስተምራሉ ይባላል።”

“አላልኩም፤ መጽሐፉም አይልም። ሁለቱ የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው ነው የሚለው።”

ይርሳው የሚባል ገበሬ ከኋላ ተነሣ። “እኔ የምጠይቀው አለኝ። ዘመድ ከሆነማ ዘንድሮ በቆሎዬን የጨረሰብኝን በሽማግሌ ነው የምይዘው በዳኛ?”

ሰው ሳቀ። አለቃ አልሳቁም።

“ይርሳው፣ ባገራችን ስንት ቤት ሲቆጠር ነው ዝምድና የሚያበቃው?” አሉ መሪጌታ።

“ሰባት።”

“ይሄኛው ሰባት ሺህም ቢቆጠር አይደርስም። ስለዚህ በዘመድነቱ አትጨነቅ።”

“ሰባት ቤት ካለፈማ ጋብቻም ይፈቀዳል በሉኛ” አለ ይርሳው። አለቃ መቋሚያቸውን መሬት ላይ እስኪመቱ ድረስ ሳቁ አልበረደም።

አለቃ ያደረጉት ነገር ማንም ያልጠበቀው ነው። ምሽጉ ውስጥ ወታደሮቹን የሚያቆርብ ፓድሬ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ሲገናኙ አለቃ ፊታቸውን ያዞሩበታል። “ካቶሊክም ቢሆን ኦሪትን ያውቃል” ብለው ሊያነጋግሩት ሄዱ። ችግሩ ፓድሬው አማርኛ፣ አለቃም ጣሊያንኛ አለማወቃቸው ነው። ከምሽጉ አስተርጓሚ ሌላ ሁለቱንም የሚያውቅ ቡሬ ላይ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ አስተርጓሚው ደግሞ በወባ ተኝቷል። መሪጌታ ተጠሩ።

“ይህ መሪጌታ ሕፃናቱን እያሳቱ ነው ይበሉልኝ” አሉ አለቃ።

መሪጌታ ቃል ሳያጎድሉ ተረጎሙት።

ፓድሬው ደስ አለው። “እኔም ለካፒታኖው ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ። አስተማሪው መናፍቅ ነው።”

“አስተማሪው መናፍቅ ነው ይላሉ” አሉ መሪጌታ። “አስተማሪው ያሉት እኔን ነው።”

“ገብቶኛል” አሉ አለቃ። “መጽሐፉም መናፍቅ ነው ይበሉልኝ።”

“መጽሐፉንስ ቢሆን! እኔ እጄ ላይ ቢገባ እሳት ውስጥ ነው” አለ ፓድሬው።

እንዲህ ሲባባሉ ሩብ ሰዓት ያህል ቆዩ። አለቃ ፊታቸው ፈታ አለ፤ ፓድሬው ወንበር አቀረበላቸው። መሪጌታ በመካከላቸው ቆመው ራሳቸውን በሁለት ቋንቋ ሲያወግዙ ላብ አጠመቃቸው። አለቃ በመጨረሻ ይህን የመሰለ የሚግባባ ሰው ሳያነጋግሩት መክረማቸው ቆጫቸውና “ለመሆኑ እናንተ የጌታን ባሕርይ አንድ ትላላችሁ ሁለት?” ብለው አስጠየቁ።

“ሁለት” አለ ፓድሬው።

አለቃ ተነሡ። በዝንጀሮ ነገር የተስማሙት ሁለቱ ካህናት በአምላክ ነገር ተለያይተው ዳግመኛ አልተነጋገሩም። ፓድሬው ግን በማግስቱ ለጎንደር ደብዳቤ ጻፈ።

ክሱን እንዲመረምር ከጎንደር የተላከው የትምህርት ኢንስፔክተር የመጣው በየካቲት ነው። መነጽር ያደረገ፣ ቀጭን፣ ንጹሕ ጓንት የሚያጠልቅ ሰው ነበር። የፓድሬውን ክስ እንደ ቀልድ ቆጠረው። “ሳይንስ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ አይደለም፤ የመንግሥት ነው” አለ። “ገጽ አሥራ አንድ መልካም ገጽ ነው። ልጆቹ ምን ያህል እንደተረዱት ልይ።”

ካፒታኖው ኮራ ብሎ ወደ ትምህርት ቤቱ ወሰደው። ኢንስፔክተሩ ፊት ለፊት የተቀመጠችውን ባንቺአየሁን አስነሣ። በጣሊያንኛ ቀስ አድርጎ “በእኔና በአንቺ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?” ብሎ ጠየቃት።

ባንቺአየሁ ነጠላዋን አስተካከለች። ጥያቄው የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ታውቃለች። ዓይኗን ጨፍና በዜማ ወረደችው። “በዓለም ላይ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ዘር ነው። ቆዳውን ያጠቆረው የፀሐይ ብዛት፣ ያነጣውም የፀሐይ ማነስ ነው። የሁላችንም አባቶች ካንድ አገር ተነሥተው ምድርን ሞሉ፤ አገሩም አፍሪካ ሳይሆን አይቀርም።”

ጣሊያንኛው ያለ እንከን ወጣ። ኢንስፔክተሩ ጓንቱን አወለቀ።

ያን ሰሞን ጣሊያንና ሐበሻ ባንድ ጣራ እንዳያድሩ፣ ባንድ ማዕድ እንዳይቀመጡ የሚከለክል ሕግ ከሮም ወጥቶ በየምሽጉ በር ተለጥፎ ነበር። ኢንስፔክተሩ ወደ ቡሬ ሲመጣ በየመንገዱ ያረጋገጠው መለጠፉን ነው።

“ይህ ያልሽው የት ነው ያለው?” አለ።

“ገጽ ስድሳ አራት” አለች ባንቺአየሁ።

ገልጦ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ቅጠል ተመለሰ።

“ካፒታኖ፣ ይህ የማን ማኅተም ነው?”

“የእኔ።”

“መርምሬ ፈቅጃለሁ ይላል።”

“ሥዕሉን መርምሬያለሁ” አለ ካፒታኖው።

ባንቺአየሁ እንደቆመች ነች፤ የጨዋ ቤት ልጅ ናትና እንግዳ ሲከፋው ማየት አይሆንላትም። አባቶቹ ከዚህ የወጡ ሰው ከሩቅ መጥቶ ከፊቷ ቆሟል። እጅ ነሥታ ባማርኛ “እንኳን ላገርዎ አበቃዎ” አለችው።

“ምን አለች?”

መሪጌታ እስከዚያ ቀን ድረስ ቃሉን እያለዘቡ፣ ሰሙን እየሰጡ ወርቁን እየያዙ ነበር የተረጎሙት። ሌላ ማለት ይችሉ ነበር፤ አሥር ዓይነት መንገድ ታይቷቸዋል። ልጅቱን አዩአት። የያዘችው አንዲት እውነት በእሳቸው አፍ ውሸት ሆና ስትወጣ እንድትሰማ አልፈለጉም።

“እርስዎም ከዚህ ከሄዱት ዘር ስለሆኑ፣ እንኳን ወደ አገርዎ በደኅና ተመለሱ ነው የምትለው” አሉ።

የሆነው ፈጥኖ ሆነ። ትምህርት ቤቱ በዚያው ቀን ተዘጋ። ካፒታኖ ሎቬራ በሳምንቱ ወደ ቆላ ምሽግ ተዛወረ፤ ከሣጥኖቹ ጋር መኪና ላይ ሲወጣ መጽሐፍ እንደማይወድ ሲናገር የሰሙት አሉ። ግራዝማች ዘሩ ልጃቸውን አክስቷ ዘንድ ትቆይ ብለው ወደ ማንኩሳ ሰደዷት። መሪጌታ ምሽጉ ውስጥ ባለች የእህል ጎተራ ታሰሩ። ውስጥ እግራቸውን ሦስት ቀን ገረፏቸው፤ የግራ እግራቸው አውራ ጣት ተሰብሮ ያለ ወጌሻ ስለ ገጠመ ከዚያ ወዲያ አነከሱ። “ማነው ያስተማረህ?” ሲሏቸው “እናንተ የላካችሁት መጽሐፍ” ይላሉ፤ ስለዚህ እንደገና ይገርፏቸዋል።

መጻሕፍቱ በምሽጉ ሜዳ ላይ ሲቃጠሉ ካህናቱ እንዲያዩ ተጠርተው ነበር። ፓድሬው በፊት መስመር ቆመ። አለቃም ሄዱ፤ ደስ ሊላቸው ነበር የሄዱት። እሳቱ መጀመሪያ ጠርዙን በላ፣ ቀጥሎ ቀለሙን ሲያገኝ አረንጓዴ ነደደ። አንድ ቅጠል ነፋስ አንሥቶት ከአለቃ እግር ሥር ወደቀ፤ የዓሣ አንበሪ መቅዘፊያና የሰው እጅ ተሥሎበታል። ባለፈው ዓመት የደብሩ ዕቃ ቤት ሲቃጠል ሦስት የብራና መጻሕፍት ከውስጥ ነበሩ፤ አለቃ ያን ጊዜም እንደዚሁ ቆመው ነው ያዩት። ነገሩ ጠረኑ ይሁን ወይ ድምፁ፣ ፓድሬው ሰላምታ ሲሰጣቸው አልመለሱም። በቅሎአቸውን ሳይጠብቁ በእግራቸው ወጡ።

አርባ ሰባት ቀን ሲሆን አለቃ አዲሱ አዛዥ ዘንድ ገቡ። መስቀላቸውን ይዘዋል። ከወባው የዳነው አስተርጓሚ ቆሟል፤ መሪጌታም ከጎተራው ወጥተው በሁለት አስካሪ ወታደሮች መካከል ቁጭ ብለዋል።

“ይህ ሰው አደገኛ አይደለም” አሉ አለቃ። “በያዝኩት መስቀል እምላለሁ፤ ይህ ሰው ሲያስተምር ማንም አይገባውም። ሃያ ዓመት ቅኔውን ሰምቻለሁ፤ አንድም ቀን አልገባኝም። ልጆቹም እንዲሁ ነው። እንደ በቀቀን ደገሙ እንጂ ምን አውቀው!”

አስተርጓሚው ሲያቀርበው አዛዡ ሳቀ። ሥራ ይበዛበታል፤ አርበኞቹ መንገድ እየቆረጡበት ነው። ማንም የማይገባው መምህር ቀለብ ከሚያስወጣ ቢፈታ ይሻላል ብሎ ፈታቸው።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ከምሽጉ በር ወጥተው፣ መሪጌታ እያነከሱ፣ ገበያው ደረሱ። መሪጌታን ከግርፋቱ ይልቅ ያ መሐላ አሟቸዋል።

“ሃያ ዓመት አልገባኝም አሉ?”

“ላስፈታዎ ብዬ ነው። ሰባት ቀን ንስሐ እገባበታለሁ።”

“የጥምቀት ለት የተቀኘሁትስ?”

አለቃ ጥቂት አሰቡ። “እሱ እንኳ ወደ መጨረሻው ላይ ትንሽ ገብቶኛል” አሉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ከቅዳሴ ወጥተው፣ አለቃ በቅሎአቸውን እየሳቡ ወደ መሪጌታ ግቢ መጡ። ሀብትነሽ ቁርስ ስታቀርብ ስለ ዝናቡ ተጫወቱ። ስለ ከብቱም ተጫወቱ። ሳህኑ ሲነሣ አለቃ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

“ያ የተቃጠለው፣ ለመሆኑ ምን ምን ይል ነበር? ለማውገዝ ያህል ነው የምጠይቅዎ። ያላነበብኩትን ማውገዜ ቅር አለኝ።”

መሪጌታ ነገሯቸው። አለቃ በየመካከሉ “ይህ ከንቱ ነው” እያሉ ሰሙ፤ ግን ምሳ ደረሰ፣ አልተነሡም። በሚቀጥለው እሑድ ተመልሰው መጡ። በሦስተኛውም። አንድም ቀን አልተስማሙም፤ አንድም እሑድ አልቀሩም። ክርክሩ ቤቱ ሲጠባቸው ፈጠም ዳር ይወርዱ ጀመር። መሪጌታ እግራቸው ስለማይችል አለቃ በቅሎአቸው ላይ ያስቀምጧቸውና ራሳቸው ልጓሙን ይዘው በእግር ይሄዳሉ።

አንድ እሑድ አለቃ ሳምንቱን ሙሉ ሲያብሰለስሉት የከረሙትን ይዘው መጡ። “እሺ፣ ፍጡር ሁሉ ዘመዳም ከሆነ፣ አህያና ፈረስም ዘመዳሞች ናቸው። ተጋብተውም ይወልዳሉ። ታዲያ በቅሎ ለምን አትወልድም?”

መሪጌታ በቅሎይቱ ላይ ሆነው ብዙ አሰቡ። “መጽሐፉ ይህን አልነገረኝም። አላውቅም።”

አለቃ ልጓሙን ይዘው ቆሙ። ሃያ ዓመት ሲተዋወቁ ይህን ቃል ከመሪጌታ አፍ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው።

“እኔም አላውቅም” አሉና በቅሎይቱን ሳብ አደረጓት። ዳገቱን ቀስ ብለው ወጡት።